የጥፊው ድምፅ

መድረክ ላይ ጥፊ የሚመታው በሦስት ሰው ነው። መቺው እጁን አንስቶ ይሰነዝራል፤ ነገር ግን ጉንጭ ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው መዳፉ አየር ቀዝፎ ያልፋል። ተመቺው በዚያችው ቅጽበት ፊቱን ያዞርና ይንገዳገዳል። ድምፁን የሚያወጣው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ከበር ጀርባ ቆሞ፣ በስንጥቅ እያየ፣ መዳፉን ከመዳፉ ያላትማል። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ተመልካቹ የራሱን ጉንጭ ይዞ ይስቃል። አንዱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ግን ነገሩን ሁሉ ውሃ በላው።

እኛ ቡድን ውስጥ ሦስተኛዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጤና ጣቢያው የጆሮና የአፍንጫ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ልጆች ጆሮ ውስጥ የገባ ባቄላ አወጣለሁ፣ ኩክ አጥባለሁ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን መርፌ እወጋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአማተር ቴአትር ቡድናችን ድምፅ ነበርኩ። የበር ደወል እደውላለሁ፣ የብርጭቆ ስባሪ የሞላበትን ቆርቆሮ ነቅንቄ አሽከሩ ሰሃን የሰበረ አስመስላለሁ፣ ጥፊ አጨበጭባለሁ። መድረክ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም።

አዘጋጃችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁላችንም መምህር እንላቸዋለን። የሚወዱት ያረጁ ኮሜዲዎችን ነው፤ ንፉግ ጌታ፣ ብልጥ አሽከር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚደበቅ እጮኛ፣ በአንዱ በር ሲወጡ በሌላው የሚገቡ ሰዎች ያሉባቸውን። "ሳቅ ሒሳብ ነው" ይሉናል። "በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ፣ ሁለት በሉ፤ ሦስት ሳትሉ ሌላኛው ይከፈት።" የምንለማመደው ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን ግድግዳ ሥር እንቆልልና አናጢው የሠራልንን ሦስት በሮች እናቆማለን። መካከለኛው በር ዝናብ መትቶት አብጦ ስለነበር ለመዝጋት ትከሻ ይፈልጋል። ስንቱን ትዕይንት እሱ አበላሽቶብናል።

የቡድኑ ዓምዶች ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቅየው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ያለ ማጉያ ከአዳራሹ ጫፍ የሚደርስ፣ ሲገባ ክፍሉ የሚጠብበት ዓይነት ሰው። ሁልጊዜ ጌታውን የሚሠራው እሱ ስለሆነ ከተማው ሁሉ "ጌታዬ" ይለዋል፤ እሱም ይወደዋል። ታናሽየው እዚያው መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል። ካርቶን ያወርዳል፣ መደርደሪያ ይሞላል፣ ማንም የማያነበውን የሐኪም ጽሑፍ አንድ ጊዜ አይቶ ያነባል። ከቅጥነቱና ከመተጣጠፉ የተነሳ "ሽቦ" እንለዋለን። መድረክ ላይ ምንጊዜም አሽከር ነው።

እውነቱን ለመናገር ሳቁ የሽቦ ነበር። ትሪ ይዞ ሲገባ፣ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ከኋላ ያሉት መሳቅ ይጀምራሉ። በአንድ እግሩ ቆሞ የጌታውን ጫማ ሲያስር፣ ጫማው ውስጥ ያለው እግር የማን እንደሆነ የጠፋበት ሲመስል፣ መምህር እንኳ ሰዓታቸውን ማየት ይረሱ ነበር። ጌታዬ ግን ሳቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። "እኔ ካልመታሁት ምኑ ያስቃል?" ይል ነበር።

አባታቸው የሞተው ሽቦ የስድስት ዓመት፣ ጌታዬ የአሥራ ስድስት ልጅ ሳሉ ነው። ታላቅየው ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፣ ታናሹን አሳደገ፣ አስተማረ፤ በኋላም በማታ ትምህርት ለራሱ የመድኃኒት ሙያ ተምሮ ሱቁን ከፈተ። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ያላወቀ ቢኖር ጌታዬ ራሱ ይነግረዋል። ሽቦም ያንን ውለታ እንደ ሸሚዝ ለብሶት ይኖር ነበር፤ "ጋሼ ያለው" ካለ በኋላ ሌላ ቃል የለውም። ሳያገባ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል።

እናትየው አንድም ትርኢት አምልጧቸው አያውቅም። አዳራሹ ሳይከፈት ደጅ ይደርሳሉ፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ጌታው አሽከሩን በጥፊ ሲለው ከማንም ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ከፍ ያለ ሳቅ ነው፤ እሱን ተከትሎ አዳራሹ ይፈነዳል።

ጌታዬ የውሸቱን ጥፊ አልተማረም፤ አልተማረም ብቻ ሳይሆን እንቢ አለ። በመጀመሪያው ዓመት መምህር እጁን ይዘው አሳይተውት ነበር።

"ስንዝር ሲቀርህ ታልፋለህ። ድምፁን ሲስተር ታወጣልሃለች።"

"መምህር፣ ሰው እኮ ሕፃን አይደለም፤ ያያል" አለ። "ሳቅ በውሸት አይመጣም። ደግሞ ወንድሜ አይደል? ምን ይለኛል?"

ሽቦ ጉንጩን እያሻሸ ሳቀ። "ይተውት መምህር፤ እኔ ለምጄዋለሁ።"

ስለዚህ ተውነው። እኔም ማጨብጨቤን አልተውኩም፤ መምህር ጥፊው እውነተኛ መሆኑን ተመልካቹ እንዳያውቅ ድምፄ ይሸፍነው ብለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከበሩ ጀርባ ቆሜ፣ በስንጥቁ እያየሁ፣ እውነተኛውን ጥፊ በውሸት ጥፊ ስሸፍን ኖርኩ። ጉንጩ ላይ አራት ጣት ቀልቶ ይወጣል፤ በእረፍቱ እርጥብ ፎጣ እሰጠዋለሁ፤ "እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር" ይለኛል። በቃ። ነገሩ ይኸው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ካርዱን ይዞ ተሰልፎ አገኘሁት። የዋዜማው እሁድ ትርኢት ነበረን። ተራው ሲደርስ ሐኪሙ "ምን ሆነህ ነው?" አለው፤ "ስዋኝ ውሃ ገብቶብኝ" አለ። እኛ ከተማ የሚዋኙበት ቦታ የለም። ሐኪሙ መብራቱን አስገብቶ አየና እኔም እንዳየው አቀበለኝ። የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀዷል፤ ዳር ዳሩ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ። የመጀመሪያው አልነበረም።

ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎ ሲወጣ በሩን ዘጋሁት።

"በየት በኩል ነው የዋኘኸው?" አልኩት።

"ሲስተር፣ በሞቴ።"

"እሺ፣ ስንተኛህ ነው?"

"እኔ እንጃ። መጀመሪያ ላይ ያፏጫል፣ ከዚያ ይተወኛል። አሁን ግን አልተወኝም።" ፈገግ አለ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእኔ ደግሞ ጭራሽ ተሰደደ።"

"ንገረው እንጂ ለጋሼ።"

"ምን ብዬ? አሳደግከኝ፣ አስተማርከኝ፣ አሁን ግን ጉንጬን አትንካ ልበለው?" ካርዱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። "መድረኩን ደግሞ ካጣሁ ምን ይቀረኛል? ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ሳወርድ የምውለው ያቺን እሁድ እያሰብኩ ነው። እማዬ እንዳትሰማ ብቻ።"

ላለመናገር ቃል ገባሁለት። ግን አላስችል አለኝና ቅዳሜ ለመምህር ነገርኳቸው። ከተቆለሉት ወንበሮች አንዱን አውርደው ተቀመጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያሰሉ ነበር።

"ዘጠኝ ዓመት፣ በዓመት ሁለት ተውኔት፣ አንዱን ስድስት ጊዜ ስናሳይ፣ በአንዱ ትርኢት ሦስት ጥፊ" አሉ። "ሦስት መቶ ሃያ አራት። ልምምዱን ሳልጨምር።"

"ታዲያ ይንገሩት።"

"ብነግረው ይቀየማል። ከተቀየመ ወንድሙን ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ከወጡ ቡድን የለም።" ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱት። "ሌላ ዘዴ አለ።"

ዘዴያቸው ይህ ነበር። ለቡድናችን አሥረኛ ዓመት የመረጡት ተውኔት ውስጥ ጌታው ይከስርና የገዛ አሽከሩ አሽከር ይሆናል። ጌታ የሆነው የድሮ አሽከር በየገቢሩ አንድ አንድ ጥፊ ያቀምሰዋል። መምህር ጌታዬን ለብቻው ጠርተው "በዚህኛው ሳቁ በሙሉ የአሽከሩ ነው፤ ለሌላ ሰው ልሰጠው አልፈልግም" አሉት። ጌታዬ ለማሰብ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ለካስ ለዘጠኝ ዓመት ያ ትሪ አምሮት ኖሯል።

ልምምዱ ግን አልሆነም። ጌታዬ ትሪ ሲይዝ መሪ የጨበጠ ሹፌር ይመስላል። "ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ" የሚለውን ቃል እንደ ትእዛዝ ነው የሚናገረው። ጥፊ ሲሰነዘርበት ደግሞ ፊቱን እንደማዞር እጁን ያነሳና ይከላከላል።

"አይነካህም እኮ" ይሉታል መምህር።

"አውቃለሁ። እጄ ነው የሚነሳው።"

ሽቦ በትዕግሥት አስተማረው። "ጋሼ፣ ዓይኔን ተመልከተኝ። ዓይኔን ሰበር ሳደርግ ፊትህን ታዞራለህ፤ እጄን አትመልከተው።" ሽቦ እጁን ሲሰነዝር ማየት ያስደንቅ ነበር። መዳፉ ከትከሻው ይነሳል፣ በጉንጩ አጠገብ እንደ ቅጠል ያልፋል፣ አንዲት ፀጉር አይነካም። ጌታውን ሲሠራ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዝግ ብሎ ይናገራል፣ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። እንዲህ ያለ ሰው ውስጡ እንዳለ ያወቅነው ያኔ ነው። እሱ ራሱም ያወቀው ያኔ ይመስለኛል፤ አካሄዱ ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ የአናጢውን ቀልድ ሰምቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጌታዬም ፊቱን ማዞር ቻለ። መምህር እጃቸውን አፋተጉ።

የትርኢቱ እሁድ ከሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጌታዬ ጥፊ ሊቀምስ ነው የሚለው ወሬ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳይቀር ተወርቷል፤ ደንበኛ የተባለ ሁሉ ትኬት ይዟል። እናትየው እንደ ወትሮው የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ።

በአንደኛው ገቢር አሽከር የሆነው ጌታዬ ሾርባውን ሽቦ ጭን ላይ ደፋ። ሽቦ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ከመካከለኛው በር ጀርባ መዳፎቼን አዘጋጅቻለሁ። እጁ ተነሳ፣ ወረደ፣ አለፈ፤ ጌታዬ ፊቱን አዞረ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስታችንም በአንድ ቅጽበት የተገናኘንበት የመጀመሪያው ጥፊ ነበር። ጌታዬ ተንገዳግዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ማንም አልሳቀም። እኔም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ።

ከዚያ እናትየው ብድግ አሉ። ቦርሳቸው ከጭናቸው ወደቀ።

"እጅህ ይሰበር" አሉ። "ታላቅህን? ያሳደገህን?"

አዳራሹ ያን ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። የተውኔቱ አካል መስሏቸው ነበር። ከኋላ አንዱ "እማማ፣ ይድገሙት" ብሎ ጮኸ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ሽቦ እጁ አየር ላይ እንደቀረ ቆሟል። እኔ በስንጥቁ የማየው የጌታዬን ፊት ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጦ እናቱን ሽቅብ ያያል። ወድቆ እናቱ ያነሳችው ሕፃን እንዲህ ነው የሚመስለው። ደስ ብሎት ነበር።

አጠገባቸው ያሉት ሴት እናትየውን አባብለው አስቀመጧቸው። ሽቦ ቀጣዩን ቃል ሳይሳሳት ተናገረ፤ መጋረጃው በሰዓቱ ወረደ። በእረፍቱ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ፎጣ ሰጠሁት፤ ምን ላድርግበት በሚል ዓይን አየኝና መለሰልኝ።

ሁለተኛው ገቢር ላይ ጥፊው ሲቃረብ ተመልካቹ መድረኩን ትቶ እናትየውን ማየት ጀመረ። እሳቸውም ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ደርሰዋል። ሽቦ እጁን አነሳ። ተመለከታቸው። እጁን መልሶ አወረደው። ከዚያ የወንድሙን እጅ ከአንጓው ያዘና የገዛ ግራ ጉንጩን በእሱ መታ።

ይህ የተውኔቱ ጽሑፍ ላይ የለም። የመጀመሪያው ምት ለስላሳ ነበር፤ እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ሽቦ አንጓውን ለቀቀው። ሁለተኛውን ማንም አልመራውም፤ ጌታዬ ራሱ ነው የመታው፣ እንደ ድሮው፣ በሙሉ መዳፉ። እኔ እጆቼን ከፍቼ እንደያዝኩ ቀረሁ። ድምፁ ያለ እኔ እስከ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ሰው በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ። ቀድመው የሳቁት እናትየው ናቸው፤ ዓይናቸውን በመሀረብ እየጠረጉ። በሦስተኛውም ገቢር ሽቦ ደገመላቸው፤ ጉንጩን አቀረበ፣ ጌታዬም መታ። ጌታው ራሱን የሚያስመታ፣ አሽከሩ የሚመታ፤ ተውኔቱ ትርጉም አጥቶ ነበር፤ ግን ትርጉም የጠየቀ ሰው አልነበረም።

መጋረጃ ሲወርድ ሽቦን ወደ በሩ ጀርባ ጎትቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከጆሮው ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ አርሶታል። ጥጥ ስጠቀልል ጌታዬ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ መጣ።

"አየህ?" አለው፤ እውነትም ተደስቶ ነበር። "ሳቅ እንዲህ ነው የሚመጣው። ዛሬ ገባህ።"

ሽቦ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ። "ምን አልክ ጋሼ?"

"ዛሬ ገባህ አልኩህ።"

"እሺ ጋሼ።"

የጌታውን ካፖርት አውልቆ በመስቀያው ሰቀለው፤ እጅጌውን አስተካከለ፤ በጎን በር ወጣ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እናትየው ከወንበራቸው አልተነሱም ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ እንዳይታወቅብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

"እማማ፣ የትንሹ ልጅዎ የግራ ጆሮ ታምቡር ተቀዷል። ከጥፊው ነው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል ልጄ? ከኋላው ስጠራው አይሰማኝም። የትራሱን ጨርቅ የማጥበው እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቅዎት?"

ቦርሳቸውን ከፍተው መሀረቡን ከተቱ፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። "እኔ ካልሳቅኩ ጥፊ ይሆናል" አሉ። "እኔ ከሳቅኩ ቴአትር ነው። ትንሹ ልጅ ሳለ ትልቁ ቤት ውስጥ ሲመታው አለቅስ ነበር። ባለቀስኩ ቁጥር ይብስበታል። ትልቁም እኮ ልጅ ነበር፤ አባት ሁን አልነው፤ እሱ የሚያውቀው አባት ደግሞ የሚመታ ነው። መድረኩ ሲመጣ ተመስገን አልኩ። እዚያ ከመታው ቤት አይመታውም።"

"ዛሬ ሽቦ እኮ አልነካውም። የውሸት ነው። ድምፁን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ይሁን። ትልቁ ቢመታ ትንሹ ይችለዋል። ትንሹ ከመታ ግን ትልቁ አይችለውም፤ ቤቱ ይፈርሳል።" ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ። "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ሸክም የሚጫነው መሸከም የሚችለው ላይ ነው።"

እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ሰኞ ሽቦ መድኃኒት ቤቱን አልከፈተም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ላይ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ማደያ ሥራ ማግኘቱ ተሰማ፤ ከጥቂት ወራት በፊት አመልክቶ፣ ጥሪው ኪሱ ውስጥ ከርሞ ኖሯል። ለእናቱ ብቻ ማስታወሻ ትቶ ነበር። ጌታዬ መጀመሪያ "ይመለሳል" አለ፤ ከዚያ "የውሻ ልጅ አሳድጌ" አለ፤ ከዚያ ስሙን ማንሳት ተወ። መምህር የአሽከሩን ቦታ ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሰጡት። ፊቱን በደንብ ያዞራል፣ ጌታዬም እንግዳ ሰው መምታት ስለሚከብደው ስንዝር ሲቀረው ያልፋል። አዳራሹ ግማሽ ድረስ ይሞላል። እውነቱን ልናገርና እኔም ቡድኑን አልተውኩም። ተዪው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለራሴ አላልኩትም። ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ ይወስደኛል።

በዓመቱ ለሥልጠና ወደዚያ ከተማ ልሄድ መሆኑን ጌታዬ ሰምቶ መድኃኒት ቤቱ ጠራኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ነበር። እናቱ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ታገኚዋለሽ?"

"አገኘዋለሁ።"

"ይምጣ በይው። ሰው እየጠየቀኝ ነው። የባንኩ ልጅ አያስቅም።"

"አንተው ሄደህ አትጠራውም ጋሼ?"

"ምን አጥፍቼ ነው የምሄደው?" አለ። ሊከራከረኝ አልነበረም፤ እየጠየቀኝ ነበር። እናቱን አየሁ፤ እሳቸው መንገዱን ያያሉ።

"ጆሮውን ጎድተኸዋል" አልኩት።

"ጆሮውን?"

"የግራውን። ከጥፊው።"

ምን ያህል፣ መቼ፣ ታከመ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ዞር አለና ከሦስተኛው መደርደሪያ አንድ የጆሮ ጠብታ አወረደ። ካርቶኑ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ "በቀን ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ጠብታ" ብሎ ጻፈበትና አቀበለኝ። "ይህን ስጪው። ጥሩ ነው፤ ፍቱን ነው።" ለኩክ የሚሰጥ ጠብታ ነበር።

ሽቦን ያገኘሁት በሆስፒታሉ የመድኃኒት ማደያ መስኮት ጀርባ ነው። ወፍሯል። መስታወቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ ታካሚው ሲናገር ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል፤ እጁ ግን ሐኪሙ የጻፈውን ካየ ወዲያ ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ያነሳል። ሲያየኝ ወጥቶ ወንበር ሰጠኝ። ስለ እናቱ ጠየቀኝ፣ ስለ መምህር፣ ስላበጠው በር። ስለ ወንድሙ አልጠየቀኝም። ጠብታውን አውጥቼ ሰጠሁት። ካርቶኑን አገላብጦ ጽሑፉን አነበበ።

"ይሄ እኮ ለተቀደደ ታምቡር አይሆንም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እሱም ያውቃል። ምን ሆኖ ነው ብሎ አልጠየቀሽም?"

"አልጠየቀኝም።"

ቀኑ የታተመበትን ጠርዝ ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየ። "መልሺለት" አለኝ። "ጊዜው ሳያልፍበት ይሽጠው።" ይህን ሲል ምንም ዓይነት ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም። አንዲት ሴት የታጠፈ ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠብታውን ለጌታዬ መለስኩለት። ተቀበለኝ፤ ማኅተሙ አለመከፈቱን አየ፤ የጻፈበትን በአውራ ጣቱ አሻሸ፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ድሮም ደህና ነበር" አለና ወደ ገባው ደንበኛ ዞረ።